«ሲለበስ ይለቃል» የተባልሽውን ጫማ ተዪው፦ እግርሽን ሳይልጥ ቀኑን ሙሉ የሚውል ጫማ አመራረጥ፣ ማለማመድና አያያዝ

«ሲለበስ ይለቃል» የሚለውን ስንቴ ሰምተሽ ስንቴ ገዝተሻል? እህቴ አዲስ ሥራ ልትጀምር ጥቁር የቢሮ ጫማ ልትገዛ ሄዳ 38 አልቆ ነበር፣ ልጁ 37ቱን አውጥቶ «ግዴለም እህት፣ ቆዳ ነው፣ ሲለበስ ይለቃል» አላት፣ እሷም ቀለሙን ስለወደደችው ገዛችው። በሦስተኛው ቀን ማታ ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ስታወልቅ ካልሲዋ ከተረከዟ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰን ነው ያላቀቅነው፣ ከስሩ ሃምሳ ሳንቲም የምታክል ቁስል። ጫማው እስካሁን አልጋ ስር አለ።

ቆዳ ይለቃል፣ እውነት ነው። ግን የሚለቀው ወደ ጎን ነው፣ ያውም ትንሽ። ወደ ፊት አይረዝምም። ጣትሽ ጫፉን እየነካ የገዛሽው ጫማ ከዓመት በኋላም ጫፉን እየነካ ነው የሚኖረው። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ወደ ጎንም አይለቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጫማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እግርሽን እንዲመስል ነው፣ በተለይ ታክሲ ሰልፍ ለምትቆሚ፣ ኮብልስቶን ላይ ለምትሄጂ፣ ባንክ ወይ ሱቅ ወይ ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ለምትውዪ። ቅደም ተከተሉን አትዝለዪ፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ደረጃ 1ን ዘለን ሱቅ ስለምንገባ ነው።

ደረጃ 1፦ እግርሽን ማታ ለኪ

የሚያስፈልግሽ፦ ከእግርሽ የሚበልጥ ሁለት ነጭ ወረቀት፣ ቀጭን እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ከጫማው ጋር የምታደርጊው ካልሲ ወይ ስቶኪንግ፣ እና አንድ የሚረዳሽ ሰው።

1. ጠዋት አትለኪ። እግር ቀን ቀን እያበጠ ነው የሚውለው፣ በተለይ ቆመሽ ከዋልሽ። ከሥራ ስትገቢ፣ 12 ሰዓት አካባቢ ለኪ።

2. ወረቀቱን ከግድግዳ አስጠጊና ተረከዝሽ ግድግዳውን እንዲነካ አድርገሽ ቁሚበት። ቁጭ ብለሽ አይሆንም፣ ክብደትሽ እግርሽ ላይ ሲያርፍ እግር ይረዝማልም ይሰፋልም።

3. እርሳሱን ሌላ ሰው ይያዝና የእግርሽን ዙሪያ ወረቀቱ ላይ ይሳልልሽ። ራስሽ ካጎነበስሽ ክብደትሽ ወደ ፊት ይሄድና ልኩ ይበላሻል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወደ እግርሽ ስር ከገባ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው እግር ከእውነተኛው ያነሰ ነው።

4. ሁለቱንም እግር እንዲህ ይሳልልሽ። እኩል የሆነ እግር ያላት ሴት ብዙም የለችም፣ አንዱ ሁሌ ትንሽ ይበልጣል።

5. ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ድረስ ለኪ። ረጅሙ ጣት የግድ አውራ ጣት አይደለም፣ ብዙ ሰው ሁለተኛው ጣቱ ነው የሚረዝመው። ከዛ ጣቶችሽ ከሚጀምሩበት፣ እግርሽ በጣም ከሚሰፋበት ቦታ ስፋቱን ለኪ። ሁለቱንም ቁጥር እዛው ወረቀቱ ላይ ጻፊ።

6. የትልቁን እግር ስዕል በመቀስ ቆርጠሽ አውጪ። አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪው። ሱቅ ውስጥ ከምንም በላይ የሚያገለግልሽ ይሄ ወረቀት ነው።

አሁን ቁጥርሽን አውጪ። በሴንቲሜትር ያገኘሽው ርዝመት ላይ 1.5 ጨምሪ፣ ከዛ በ1.5 አባዢው። እግርሽ 24 ሴንቲሜትር ከሆነ 25.5 ይሆናል፣ በ1.5 ሲባዛ 38.25፣ ስለዚህ 38 ነሽ። 23.5 ከሆነ 37.5 ይመጣል፣ ያኔ ሁለቱንም ቁጥር ሞክሪ ግን ከ38ቱ ጀምሪ። በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 7 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ ግን ያቺ ጥፍርሽ የምትጠቁርበትና የማትጠቁርበት ልዩነት ናት።

የቻይና ጫማ ላይ ከቁጥሩ ጎን 235 ወይ 240 የሚል ታያለሽ፣ ያ በሚሊሜትር የእግር ርዝመት ነው፣ 240 ማለት 24 ሴንቲሜትር እግር። ከ38ቱ ይልቅ እሱን እመኚ።

ከአሜሪካ ወይ ከአረብ ሀገር ዘመድ ሊልክልሽ ከሆነ «38 ነኝ» ብለሽ አትላኪ፣ ስዕሉን ከማስመሪያው ጋር ፎቶ አንሺና ሴንቲሜትሩን ላኪ። የአሜሪካ የሴት 7 ቁጥር በግምት 24 ሴንቲሜትር እግር ነው። ስኒከር ላይ ደግሞ የወንድና የሴት ቁጥር በ1.5 ስለሚለያይ የወንድ 7 ተገዝቶ ከመጣ እንደ ታንኳ ይሆንብሻል፣ ይሄ ስንቱ ሰው ሻንጣ ተሸክሞ ያመጣውን ጫማ ለጎረቤት ያሰጠ ስህተት ነው።

ልኩ ካልመጣልሽ፦ ሁለቴ ለክተሽ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከተለያየ ተረከዝሽ ከግድግዳው ርቋል ማለት ነው፣ እንደገና ለኪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይ ከወለድሽ ቅርብ ከሆነ ድሮ የምታውቂውን ቁጥር እርሺው፣ በእርግዝና እግር ከማበጡ ሌላ ጅማቱም ስለሚላላ አንዳንዷ ግማሽ ወይ አንድ ቁጥር ጨምራ እዛው ትቀራለች።

ደረጃ 2፦ ሱቅ ሳትገቢ ቀንሽን አስቢ

ይሄ አጭር ነው። ትናንት ከቤት ወጥተሽ እስክትመለሺ ምን ያህል ሄድሽ፣ ምን ያህል ቆምሽ፣ ምን ላይ ሄድሽ? ጭቃ፣ ኮብልስቶን፣ ደረጃ፣ የቢሮ ሴራሚክ? መልሱ ነው ጫማውን የሚመርጠው እንጂ መስታወት አይደለም።

ቆመሽ ለምትውዪ፦ 3 ሴንቲሜትር አካባቢ ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ ታኮ ያለው፣ ከላይ የሚይዝሽ ማሰሪያ ወይ ዘለበት ያለው ጫማ። ብዙ ሰው «ታኮ ጎዳኝ» ብሎ ወደ ስስ ፍላት ይሄዳል፣ ወረቀት የመሰለ ሶል ያለው ማለቴ ነው፣ ያም ተረከዝን ያሳምማል፣ ምክንያቱም ከመሬቱ የሚለይሽ ምንም የለም። ጠፍጣፋ መሆኑ ብቻ ጥሩ አያደርገውም።

ብዙ ለምትሄጂ፦ ክር ያለው ስኒከር። ቢሮሽ የማይፈቅድ ከሆነ በስኒከር ሄደሽ ቢሮ ቀይሪ፣ ጥቁሩን ጫማ መሳቢያሽ ውስጥ ተዪው። ማንም አያፍርብሽም፣ ሜክሲኮና መገናኛ ጠዋት ቆመሽ ካየሽ ፌስታል ውስጥ ጫማ ያልያዘች ሴት ጥቂት ናት።

ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ለምታዘወትሪ፦ ቶሎ የሚወልቅና ቶሎ የሚደረግ፣ ግን ሸበጥ ያልሆነ። ቅዳሴ ላይ ብዙ ሰዓት በባዶ እግርሽ ቆመሽ ስትወጪ እግርሽ አብጦ ስለሚሆን ጠባብ ጫማ ያኔ ነው የሚልጥሽ።

ሸበጥና ነጠላ ጫማ ለቤትና ለሻወር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲደረግ ጫማው እንዳያመልጥሽ ጣቶችሽ እየቆነጠጡ ይውላሉ፣ ማታ ባትሽን የሚያምሽ ከዛ ነው።

ደረጃ 3፦ ሱቅ ውስጥ ፈትኚው

እዚህ ጋ አትቸኩዪ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ከተጻፈ ፈተናው አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ ካልሲሽን ይዘሽ።

ሳታደርጊው፦

1. ጫማውን ገልብጪና የቆረጥሽውን ወረቀት ሶሉ ላይ አስቀምጪ። ወረቀቱ በጎን በኩል ጣቶችሽ ጋ ከሶሉ ከወጣ አትሞክሪው፣ መልሺው። ሹል ጫማ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል፣ ትንሿ ጣትሽ የምትገባበት ቦታ ጭራሽ የለም። (ከፍ ያለ ታኮ ላይ ርዝመቱ በዚህ አይለካም፣ ስፋቱን ብቻ እዪ።)

2. ተረከዙንና ጫፉን ይዘሽ እጠፊው። መታጠፍ ያለበት ጣቶችሽ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ ውስጡ የሚደግፍሽ ነገር የለም ማለት ነው። ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ በየእርምጃሽ ተረከዝሽ እየወጣ እየገባ ይልጥሻል።

3. የኋላውን፣ ተረከዝ የሚይዘውን ክፍል በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ጠንከር ማለት አለበት፣ የላይኛው ጠርዙ ግን ለስላሳ ይሁን። ጠርዙ እንደ ካርቶን ስለታም ከሆነ ቁስልሽ የሚወጣው እዛው ላይ ነው።

4. እጅሽን አስገቢና ውስጡን በጣቶችሽ ዳብሺ። የክር ቋጠሮ፣ የደረቀ ማስቲሽ፣ የተነሳ ገበር፣ የሚስማር ጫፍ ፈልጊ። እጅሽ ያገኘውን ነገር እግርሽ በአስር እጥፍ ያገኘዋል።

5. ሁለቱንም ጫማ ባንኮኒው ላይ አቁመሽ በጣትሽ ንኪው። ከተንገዳገደ ታኮው እኩል አልተቆረጠም።

6. ቆዳ ነው ካሉሽ የተቆረጠ ጠርዙን ፈልጊ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ጭረት ጭረት ያለው፣ የተበተነ ክር የሚመስል ነው፣ ሌላው ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ይታያል። በጣትሽ ስትጫኚው ቆዳ ያልተስተካከሉ ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል። የሀገራችን ቆዳ ጫማ ጥሩ ነው፣ መርካቶም ፒያሳም ታገኚዋለሽ፣ ግን «የሀገር ቆዳ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ቆዳ አይደለምና ጠርዙን ሳታዪ አትክፈዪ።

ስታደርጊው፦

7. ሁለቱንም አድርጊ፣ አንድ እግር ብቻ ሞክረሽ አትነሺ። ቁሚ። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት ለፊት አንድ ሴንቲሜትር፣ የአውራ ጣትሽን ስፋት የምታህል ክፍት ቦታ መኖር አለባት። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ፣ እንደ ፒያኖ አንድ በአንድ ካልተነሱ ጠቧል።

8. ሶሉ እንዳይቆሽሽ ካርቶን አንጥፈው እሱ ላይ ብቻ እንድትቆሚ ያደርጉሻል። በትህትና ሴራሚኩ ላይ እንድትሄጂ ጠይቂ፣ ካርቶን ላይ ሁሉም ጫማ ይመቻል። ቢያንስ ሃያ እርምጃ ሂጂ፣ ደረጃ ካለ ውረጂ። ስትወርጂ ጣቶችሽ ጫፉን ከመቱ ጫማው አጭር ነው፣ በቃ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

9. አድርገሽው አስር ደቂቃ ቆዪ፣ ሌላ እያየሽ፣ ዋጋ እየተከራከርሽ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ የሚጀምር የመቆንጠጥ ስሜት አለ፣ ወዲያው አይሰማሽም።

10. አውልቂና እግርሽን እዪ። ቀይ መስመር ካለ ነገ ቁስል የሚሆነው እዛው ቦታ ላይ ነው።

ቁጥርሽ ከሌለ፦ ተዪው። ከፍ ያለውን ገዝቼ ሶፍት ጫፉ ላይ እጠቀጥቃለሁ ማለትም አያዋጣም፣ እግርሽ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው የሚውለው። አንዱ እግርሽ የሚበልጥ ከሆነ ግን ለትልቁ ግዢና ትንሹ እግር ጫማ ውስጥ ስስ የውስጥ ሶል ጨምሪ፣ ይሄ ይሠራል።

ሻጩ ከተቻኮለብሽ፦ ከመክፈልሽ በፊት «ውጪ ሳላደርገው ነገ ባመጣው ቁጥር ትቀይርልኛለህ?» በይው። እሺ ካለ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልሽ።

በቴሌግራም ወይ በቲክቶክ ከሆነ የምትገዢው፦ የጫማውን ፎቶ ሳይሆን የውስጥ ሶሉን አውጥተው ከሜትር ጋር ፎቶ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ያ ርዝመት ከእግርሽ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ መብለጥ አለበት። ዴሊቨሪው ሲመጣ ሳትሞክሪ ብሩን አታስተላልፊ። «ሞክረሽ መመለስ የለም» የሚል ሻጭ ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

ልባሽ ጫማ ከሆነ ሶሉን ከኋላ እዪው። ወደ አንድ ጎን የተበላ ከሆነ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የገዛሽው፣ ቁርጭምጭሚትሽንም ወደዛው ነው የሚጎትተው።

ደረጃ 4፦ መንገድ ሳታስነኪው ሶሉን በክር አሰፊው

ይሄን የምታውቂው ይመስለኛል፣ ግን ሰዓቱን የምንስተው ብዙ ነን። በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ስኒከርና ፍላት ሶሉ ከመላቀቁ በፊት ነው የሚሰፋው፣ ጭቃ ከገባበት በኋላ ከሆነ ማስቲሹም አይዝም ክሩም ቶሎ ይበጠሳል። ሊስትሮ ጋ ውሰጂና ዙሪያውን አሰፊ። እዛው ቁጭ በዪ፣ ሲጨርስ ሳትከፍዪ እጅሽን ጫማው ውስጥ አስገቢና ክሩ የሚያልፍበትን ዙሪያ ዳብሺ፣ ውስጥ በኩል ቋጠሮ ከቀረ «ወንድሜ ይቺን አስተካክልልኝ» በይው፣ ቋጠሮውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያስተኛልሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለክረምት የገዛሽውን ቦት ወይ ውሃ የማያስገባ ጫማ አታሰፊ። መርፌው የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ ውሃ ያስገባል። እሱን ማስቲሽ ብቻ አስጨምሪበት።

ደረጃ 5፦ በሰባት ቀን አለማምጂው

በመጀመሪያው ቀን አድርገሽው ሥራ አትሂጂ። አዲስ ጫማ አድርጎ ለቃለ መጠይቅ ወይ ለሰርግ መውጣት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው።

ቀን 1 እና 2፦ ቤት ውስጥ፣ በወፍራም ካልሲ፣ 20 ደቂቃ። ቡና ስታፈዪ፣ ዕቃ ስታጥቢ።
ቀን 3፦ ቤት ውስጥ 40 ደቂቃ፣ በምታደርጊው ካልሲ።
ቀን 4፦ አንድ ሰዓት፣ ደረጃ እየወጣሽ እየወረድሽ።
ቀን 5፦ ሱቅ ድረስ ደርሰሽ ነይ።
ቀን 6፦ ግማሽ ቀን፣ የድሮው ጫማ ቦርሳሽ ውስጥ ሆኖ።
ቀን 7፦ ሙሉ ቀን፣ አሁንም የድሮውን ያዢ።

በየቀኑ ስታወልቂ እግርሽን እዪ። ቀይ ቦታ ካለ በሚቀጥለው ቀን ከማድረግሽ በፊት እዛ ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፊ ወይ ስስ ቫዝሊን ተቀቢ። ቫዝሊን ፍትጊያ ይቀንሳል፣ ግን ፕላስተርና ቫዝሊን አንድ ቦታ ላይ አታድርጊ፣ ፕላስተሩ አይዝም።

ጎኑ ብቻ ከጠበበሽና ጫማው እውነተኛ ቆዳ ከሆነ፦ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደራርበሽ አድርጊው፣ የጠበበበትን ቦታ በፀጉር ማድረቂያ ፎን በትንሹ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አሙቂ፣ ጫማውን ሳታወልቂ እስኪቀዘቅዝ እግርሽን እያጠፍሽ እየዘረጋሽ ተራመጂ። ሁለት ሦስቴ ድገሚው፣ ሲያልቅ የጫማ ክሬም ቀቢ፣ ሙቀት ቆዳ ያደርቃል። ፕላስቲክ ላይ በጭራሽ አትሞክሪው፣ ማስቲሹ ይለቃል ወይ ይጨማደዳል። ካልሆነልሽ ጫማ ሰሪ ጋ ውሰጂው፣ የእንጨት ፎርማ ከትቶ አንድ ሁለት ቀን ያሳድርልሻል።

ከሰባት ቀን በኋላም የሚያምሽ ከሆነ፦ አይለቅም። ቁጥሯ ለሆነች ዘመድ ስጪው ወይ ሽጪው። በግድ ልልበሰው ማለት በሁለተኛ ጊዜ መክፈል ነው፣ በእግርሽ።

ደረጃ 6፦ ታኮ ለምታደርጊበት ቀን

ታኮ አታድርጊ አልልሽም፣ ሀበሻ ቀሚስ በታኮ ያምራል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ከፍታው በጨመረ ቁጥር ክብደትሽ ከተረከዝሽ ወደ ጣቶችሽ ስር ይሄዳል፣ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ከተረከዝሽ ወደ ባትሽ የሚወጣው ጅማት እያጠረ ይመጣና ጠፍጣፋ ጫማ ስታደርጊ ያምሻል። ለዘወትር ከ5 ሴንቲሜትር አትለፊ፣ ከዛ በላይ ያለውን ለፕሮግራም አቆዪው።

1. ቀጭን ታኮ ከሚሆን ሰፊ ታኮ፣ ክፍት ከሚሆን ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ምረጪ። እስክስታ ላይ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።
2. ሰርጉ ከመድረሱ ከሳምንት በፊት አለማምጂው፣ ደረጃ 5 እንዳለ ይሠራል፣ ሰዓቱን በግማሽ ቀንሺ።
3. አዲስ ታኮ ሶሉ ያንሸራትታል። ሶሉን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጊው ወይ ጫማ ሰሪ ጋ ስስ ጎማ አስለጥፊ። አዳራሽ ሴራሚክ ላይ ውሃና ለስላሳ ፈስሶ ስንት ሰው ወድቋል።
4. በጠፍጣፋ ሄደሽ በር ላይ ቀይሪ። ሳር በተጎዘጎዘበትና ድንጋይ በተነጠፈበት ግቢ ቀጭን ታኮ ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዛ ላይ ነው።
5. ስትቀመጪ ከጠረጴዛው ስር አውልቂና ጣቶችሽን ዘርጊ። ማታ ስትገቢ ግድግዳ ተደግፈሽ አንዱን እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዙን መሬት አስይዘሽ ባትሽን ሳቢ፣ 30 ሰከንድ፣ ለየእግሩ ሦስት ሦስቴ።

ቁርጭምጭሚትሽ ከዞረ፦ አውልቂ፣ ተቀመጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢበት። ወጌሻ ጋ ሮጠሽ አታሳሺው፣ ስብራት ካለ ይብስበታል። አራት እርምጃ መሄድ ካቃተሽ ወይ አጥንቱ ላይ ሲነካ በጣም ካመመሽ ሄደሽ ራጅ ተነሺ።

ደረጃ 7፦ ማታ ማታና ክረምት ላይ

ጫማ የሚበላሸውም እግር የሚታመመውም ብዙ ጊዜ ካወለቅሽ በኋላ ባለው ነገር ነው።

1. አንድ ጫማ ሁለት ቀን በተከታታይ አታድርጊ፣ ከቻልሽ። ውስጡ የገባው ላብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። ሁለት ጫማ እያፈራረቅሽ ስታደርጊ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

2. ከረጠበ የውስጥ ሶሉን አውጪ፣ ክሩን ፍቺ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሙዪው፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሪው፣ ጥላ ላይ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጪ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይ ፀሐይ ላይ አታስጪው። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹ ይለቃል፣ ክረምት ላይ ሶሉ የሚከፈተው ጫማ አብዛኛው እሳት ዳር የደረቀ ነው።

3. ጭቃውን እርጥብ እያለ አትፈግፍጊው፣ ይደርቅና በብሩሽ አራግፊው፣ ከዛ በእርጥብ ጨርቅ። ቀለም ከዛ በኋላ።

4. እግርሽን ታጥበሽ በጣቶችሽ መካከል አድርቂ። ይሄን ማንም አያደርገውም፣ ግን ማሳከክና መላላጥ የሚጀምረው በአራተኛውና በትንሿ ጣት መካከል ከሚቀር እርጥበት ነው። ቫዝሊን ተረከዝሽ ላይ ቀቢ፣ ጣቶችሽ መካከል ግን አትቀቢ።

5. ጥፍርሽን ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ ጥግ ጥጉን አክበሽ ወደ ውስጥ አትግቢ። ጥፍር ስጋ ውስጥ ገብቶ የሚያድገው ከዚህና ከጠባብ ጫማ ነው።

6. ክረምት ላይ ደረቅ ካልሲ ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ቢሮ ስትደርሺ የረጠበውን ቀይሪ።

ደረጃ 8፦ ከተላጥሽ ወይ ካመመሽ

ውሃ ከቋጠረ፦ ትንሽ ከሆነ አታፍርጪው፣ ቆዳው ራሱ ከፕላስተር የተሻለ ሽፋን ነው። በላዩ ፕላስተር ለጥፊና ያንን ጫማ እስኪድን አታድርጊ። ትልቅ ሆኖ ለመራመድ ካስቸገረሽ እጅሽንና ቦታውን በሳሙና ታጠቢ፣ መርፌ በአልኮል ጠርገሽ ጠርዙ ላይ ውጊው፣ ውሃውን ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ቆዳውን ግን አትላጪው፣ ንጹህ ነገር ሸፍኚበት።

ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዝሽን ከወጉሽና ስትሄጂ ከቀለለሽ፦ የውስጥ እግርሽ ጅማት ተቆጥቷል። በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዘሽ በረዶ ሲሆን ካልሲ አድርገሽ በውስጥ እግርሽ አንከባልዪው፣ ማታ ማታ አስር ደቂቃ። የባት መሳቡን ጨምሪበት። ቤት ውስጥ በባዶ እግርሽ ሴራሚክ ላይ አትሂጂ፣ ወፈር ያለ ሶል ያለው ነጠላ ጫማ አድርጊ። ሳምንታት ይፈልጋል፣ በሁለት ቀን አልተሻለኝም ብለሽ አትተዪው።

የአውራ ጣትሽ ስር አጥንቱ ወደ ውጪ እየወጣ ከሆነና ቀይ ከሆነ፦ ሹል ጫማ ዛሬውኑ አቁሚ። ጫማ ብቻውን ላያመጣው ይችላል፣ በዘር የሚመጣም አለ፣ ግን ጠባብ ጫማ ያባብሰዋል።

ቅላቱ ከቁስሉ አልፎ ከተስፋፋ፣ መግል ከያዘ፣ ወይ ካተኮሰሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስኳር ካለብሽ ደግሞ ከላይ ያለውን የመርፌ ነገር ጭራሽ አትሞክሪ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ጫማ ሲልጥሽ ላይሰማሽ ይችላል፣ ስለዚህ ማታ ማታ የውስጥ እግርሽን በመስታወት እዪ፣ ትንሽ ቁስል ብታገኚ ሳታሳድሪ ለሐኪም አሳዪ፣ ጠዋትም ጫማሽን ከማድረግሽ በፊት ገልብጠሽ አራግፊውና እጅሽን አስገብተሽ ዳብሺው።

ጫማው መቼ ይበቃዋል፦ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አቁመሽ ከኋላ በዓይንሽ ልክ እያቸው። የታኮው ጎማ ብቻ ከተበላ አስቀይሪው፣ ሚስማሩ ሴራሚክ ላይ መጮህ እስኪጀምር አትጠብቂ፣ ያኔ ታኮው ራሱ ተበልቷል። ጫማው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይ የሶሉ መሃል ስትጫኚው ተመልሶ ካልተነሳ ግን ሊስትሮም ሊያድነው አይችልም፣ ወረቀትሽን ከቦርሳሽ አውጪና ከደረጃ 1 ጀምሪ፣ እግርሽንም እንደገና ለኪ፣ ባለፈው ዓመት የለካሽው የዛሬው ላይሆን ይችላል።